የሁለት ዓመት ከመንፈቅ እርጉዝ

መንታ ከወለድሁ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነኝ፣ ጎንደር ከተማ ውስጥ «እርጉዝ ነሽ?» ብሎ ያልጠየቀኝ ሰው ባሌ ብቻ ነበር። እሱም አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ ሆዴን ብዙ ሲያየው ቆየና፣ «ብቻ እንዳትቆጪኝ፤ ግን እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። ስለዚህ እሱንም ጨምሩት።

እርግጠኛ ነበርሁ። ሆዴ ግን አላገዘኝም። እኔ በር ከመድረሴ በፊት እሱ ይገባል። ከጎን ሲያዩኝ የስድስት ወር ነኝ፣ ምሳ ከበላሁ የስምንት ወር፣ ሽሮ ከበላሁ ደግሞ ዛሬ ነገ የምትባል ሴት። የቀረው ሰውነቴ ቀጭን ባይሆን ኖሮ ሰው ወፈረች ብሎ ይተወኝ ነበር። ክንዴ ክር፣ እግሬ ክር፣ መካከሌ ላይ ብቻ ዱባ።

የምንኖረው ማራኪ ነው፤ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ደግሞ ፒያሳ አጠገብ። በየቀኑ ታክሲ እሳፈራለሁ። ታክሲ ውስጥ ቆሞ መሄድ የለም ይባላል፤ በሥራ መውጫ ሰዓት ግን አንገቱን ሰብሮ፣ ጣሪያውን በትከሻው ደግፎ የሚሄድ ሰው አይጠፋም። እኔን ሲያይ ደግሞ ሁሌ አንዱ ይነሳልኛል። መጀመሪያ ሰሞን «አመሰግናለሁ፣ ግን እርጉዝ አይደለሁም» እል ነበር። ከዚህ መልስ በኋላ ታክሲው ውስጥ የሚወርደውን ዝምታ የቀመሰ ያውቀዋል። የተነሳው ሰው መልሶ ለመቀመጥ ያፍራል፣ እኔም ለመቀመጥ አፍራለሁ፣ ወንበሩ ባዶውን ፒያሳ ይገባል። ይህ ሁለቴ ከደረሰብኝ በኋላ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ መቀመጥ ጀመርሁ። ውሎ አድሮ ወገቤን ያዝ ማድረግ ጨመርሁበት። ኃጢአቴን ከተናገርሁ አይቀር፣ አንዳንድ ቀን ትንሽ ቃተትም እላለሁ።

የዚህን ቅጣቴን ያገኘሁት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። እውነተኛ እርጉዝ ተሳፈረች። እኔ በውሸት ሆዴ ወንበር ይዣለሁ፤ እሷ በእውነተኛ ሆዷ ጎንበስ ብላ ቆማለች። ኅሊናዬ አላስቀምጥ አለኝና ተነሳሁላት። ረዳቱ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ «ቁጭ በይ እናቴ፣ ያንቺ ይቀድማል» አለኝ። ሴትዮዋ የኔን ሆድ አየች፣ የራሷን አየች፣ ከዚያ በትሕትና፣ «እውነቱን ነው፤ እኔ ገና ሰባተኛ ወሬ ነው» አለች። ተቀመጥሁ። ፒያሳ እስክንደርስ ቀና አላልሁም።

ትምህርት ቤትም ያው ነው። የማስተምረው ለአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። አንድ ቀን ክፍልፋይ እያስረዳሁ ሳለ አንዲት ተማሪዬ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ዝሆን ስንት ወር ነው የሚያረግዘው?»

«ይህ የሳይንስ ጥያቄ ነው» አልኋት።

ከኋላ አንዱ፣ «ሃያ ሁለት ወር» ብሎ መለሰላት። ሃምሳ ሁለት ተማሪ አንድ ላይ ወደ ሆዴ ዞረ። አንዳንዶቹ በጣታቸው መቁጠር ሲጀምሩ አየሁ። እኔው ነኝ መቁጠር ያስተማርኋቸው።

ርዕሰ መምህራችን ደግሞ ሰው ወዳድ ናቸው። ቢሯቸው ጠርተውኝ፣ «መምህርት፣ የወሊድ ፈቃድሽን ቀድመን እንድናዘጋጅ ቀኑን ብትነግሪን» አሉኝ። አልወልድም አልኋቸው። «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ። እርጉዝ አይደለሁም አልኋቸው። በርኅራኄ አዩኝና ጸበል ያለበትን ቦታ ነገሩኝ። በማግሥቱ የመምህራን ክፍል ውስጥ፣ ልጁ አልወለድ ብሏት ነው የሚል ወሬ ደረሰኝ።

ለኔ ግን ከወሬው ይልቅ የከፋው ሆዱ ራሱ ነበር። ከአልጋ ቀና ስል ከደረቴ በታች ጀምሮ እስከ እምብርቴ መሐል ለመሐል የሆነ ነገር ብቅ ይላል፤ ድመት ከልብስ ስር ጀርባዋን ያነሳች ይመስላል። ልጄ ናሆም ሲያየው «ድመቷ መጣች» ይላል። መንትያው ሶልያና በጣቷ ወደ ውስጥ ልትመልሳት ትታገላለች። ስተኛ ደግሞ ድመቷ ጠፍታ ጎድጓዳ ይሆናል። ወገቤ ከጠዋት እስከ ማታ ያመኛል። ሁለቱም አንድ ላይ እጃቸውን ዘርግተው «እቀፊኝ» ሲሉኝ፣ መሬት ላይ ቁጭ እልና እንደ ዛፍ ይወጡብኛል። እናት ልጇን ማንሳት ሲያቅታት ለማንም የማትናገረው ኀፍረት አላት። ባሌ ሞባይል ጠጋኝ ነው፤ ማንኛውም ነገር ተፈትቶ ይገጠማል ብሎ የሚያምን ሰው። እሱ እንኳ ስለዚህ ነገር ምን እንደሚል ጠፍቶት፣ ከሥራ ሲመለስ ልጆቹን ከላዬ ላይ ያወርዳቸው ነበር።

ነገሩ የፈነዳው በክረምት ነው። ናሆምን ከሕፃናት መዋያው አምጥቼ ወደ ቤት ስንሄድ፣ መንገዱን ያቋረጠ የጎርፍ ቦይ አገኘን። አልሻገርም አለ። ለምኜው እንቢ ሲለኝ አንስቼ ተሻገርሁ። ተሻግሬ ሳወርደው እሱ ወረደ፤ እኔ ግን እንደጎነበስሁ ቀረሁ። ወገቤ ተቆልፏል። ወደ ላይም ወደ ታችም የለም። ድመቷ በቀሚሴ ፊት ለፊት ወጥታ ቆማለች።

በቆሎ የምትጠብስ ሴት ከሰሏን ጥላ መጣች። «ምጧ መጥቷል» አለች።

«ወገቤ ነው» አልሁ።

«አዎ፣ ከወገብ ነው የሚጀምረው» አለችኝ።

ሌላ ሴት ከሌላ በኩል ያዘችኝ። «ስንተኛሽ ነው?»

«ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ግን አሁን—»

«ሦስተኛ ፈጣን ነው፤ ባጃጅ ጥሩ» አለች፣ ለተሰበሰበው ሰው።

ከዚያ በኋላ የተናገርሁትን የሰማኝ የለም። ሁለቱ ሴቶች ግራና ቀኝ፣ ናሆም ጭኔ ላይ፣ እኔ እንደጎነበስሁ ባጃጅ ውስጥ ገባን። በቆሎ ሻጯ መንገዱን ሁሉ «ተንፍሽ፣ ተንፍሽ» ትለኛለች። ናሆምም እሷን እያየ «ተንፍሺ» ይለኛል። እኔም ሌላ የምሠራው ስላልነበረኝ ተነፈስሁ። ሆስፒታል ስንደርስ በተሽከርካሪ አልጋ አድርገው በቀጥታ ማዋለጃ ክፍል አስገቡኝ።

አዋላጇ ነርስ ረጋ ያለች፣ ፈርጠም ያለች ሴት ናት። ማዳመጫዋን ሆዴ ላይ አደረገች። አዳመጠች። ቦታ ቀየረች። ፊቷ እየከበደ ሄደ። ቀስ ብላ፣ በጣም ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«እናቴ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሲንቀሳቀስ የተሰማሽ መቼ ነው?»

«ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ በፊት» አልኋት።

ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አወጣች። ናሆምን አሳየኋትና የዚያን ጊዜ ሲንቀሳቀስ የነበረው እሱ መሆኑን፣ ሌላዋ ቤት እንዳለች ነገርኋት። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ አልሳቀችም። በጀርባዬ አስተኛችኝ፣ «አንገትሽን ብቻ ቀና አድርጊ» አለችኝና ጣቶቿን ከእምብርቴ በላይ አስቀመጠች። ጣቶቿ ወደ ውስጥ ገቡ።

«አራት ጣቴ ገባ» አለች። «እስካሁን ማንም እንዲህ አድርጎ አላየሽም?»

ማንም አላየኝም ነበር። ሁሉም ሆዴን ያየዋል፤ በእጁ የነካው ግን አልነበረም። ያን ጊዜ ነው ያለቀስሁት፤ ባጃጁ ውስጥ አይደለም። አዋላጇ ናሆምን ታቅፋ አልቅሼ እስክጨርስ ጠበቀችኝና ወደ ቀዶ ሐኪም ላከችኝ።

ሐኪሙ ዝግ ብለው የሚናገሩ፣ መነጽራቸውን በየዓረፍተ ነገሩ የሚያወልቁ ሰው ናቸው። ሆድ ላይ ከጎድን አጥንት ወደ ታች የሚወርዱ ሁለት ጡንቻዎች ጎን ለጎን አሉ፤ መሐላቸውን የሚያያይዝ ጠንካራ ሽፋን አለ፤ በእርግዝና ይለጠጣል፤ ብዙ ሴት ላይ ተመልሶ ይሰበሰባል፤ አንዳንዷ ላይ ግን እንደተለያየ ይቀራል አሉኝ። እኔ ሁለት ልጅ በአንድ ጊዜ ስለተሸከምሁ ሽፋኑ ተለጥጦ ሳስቷል። እምብርቴ አጠገብ ደግሞ አንጀት የምትሾልክበት ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቷል። «መጀመሪያ ግን ልምምድ እንሞክራለን» አሉ።

ስድስት ወር ልምምድ ሠራሁ። ልምምዱ በጀርባ ተኝቶ፣ ትንፋሽን እያወጡ፣ ሆድን ወደ ውስጥ እየሳቡ እግርን በዝግታ ማንቀሳቀስ ነው። ሐኪሙ ያላሰቡት ነገር፣ እኔ ወለል ላይ ስተኛ ሁለት ልጆች ያንን ለጨዋታ እንደተጋደመ ፈረስ የሚያዩት መሆኑን ነው። ሶልያና ደረቴ ላይ፣ ናሆም ጉልበቴ ላይ ሆነው ነው ያሠለጠኑኝ። ወገቤ ተሻለው። ክፍተቱ ግን ያው ነው፤ ቀዳዳው ደግሞ ብሶበታል። እንግዲህ መስፋት ነው አሉ ሐኪሙ። ከዚያ ወደ ባሌ ዞረው፣ «ይህ የሚሠራው ሌላ ልጅ ካላሰባችሁ ነው፤ ከወለደች እንደገና ሊለጠጥ ይችላል» አሉት።

ባሌ፣ «ያሉትን ሁለቱንም አልቻልናቸውም» አለ። የፈቃድ ወረቀቱ ላይ ተፈራረምን።

ወሬው የባሌ ቤተሰብ ያሉበት አይከል ሲደርስ አማቴ፣ እማማ ይታይሽ፣ በማግሥቱ የመጀመሪያውን መኪና ይዘው መጡ። እማማ ይታይሽ ቁመታቸው አጭር፣ አነጋገራቸውም አጭር ነው። ገና ሳይቀመጡ ጀመሩ።

«ጤነኛ ሰው በቢላ ይቀደዳል ወይ?»

«ጤነኛ አይደለሁም እማማ። ሆዴ ተለያይቷል።»

«የወለደች ሴት ሆድ እንዲያው ነው። ምነው፣ ሸጋ ልትሆኝ ነው?»

«ልጆቼን ላነሳ ነው» አልኋቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሆዴ አላነሱም። ልጆቹን እኔ አያለሁ ብለው ግን ተቀመጡ። ሆስፒታል ሄጄ እስክተኛ ድረስ በዓይናቸው ጭምር አላነጋገሩኝም።

የቀዶ ሕክምናው ጠዋት፣ በር ላይ የነበረው ነርስ ሆዴን አየና፣ «እናቴ፣ ተሳስተሻል፤ ማዋለጃው በዚያ በኩል ነው» አለኝ። «አውቀዋለሁ» አልሁት፤ «ከዚያ አስወጥተውኝ ነው የመጣሁት።» ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጣሪያው ላይ ያለውን መብራት ነው። ስነቃ ደረቴና ጭኔ መሐል ያለው ቦታ በሙሉ የኔ አልነበረም። የሆነ ሰው በጠባብ ልብስ ጠቅልሎ የሰፋኝ ያህል ተወጥሬያለሁ። ማሳል የለም፣ ማስነጠስ የለም፣ ከሁሉ በላይ መሳቅ የለም። የግድ ከሆነብኝ ትራስ ሆዴ ላይ አጥብቄ እንድይዝ ተመከርሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ በጠያቂ ሰዓት፣ አያ ፈንታ ገቡ። አያ ፈንታ የባሌ አጎት፣ የሟች አባቱ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከአይከል ሁለት ሴት ዘመዶች አስከትለው መጥተዋል። አንዷ የገንፎ ዱቄት በጆንያ ይዛለች። ሌላዋ ቅቤ በቅል ይዛለች። አያ ፈንታ ራሳቸው ደግሞ በብብታቸው አንዲት ትንሽዬ፣ ለሕፃን የምትሆን ጋቢ ይዘዋል።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉኝ ሦስቱም።

እኔም ጉሮሮዬ ደርቆ፣ መድኃኒቱም አፍዝዞኝ፣ ልማድ ነውና «አሜን» አልሁ። ጥፋቱ ከዚህች አሜን ይጀምራል። አያ ፈንታ የአልጋዬን ግራ አዩ፣ ቀኙን አዩ፣ ጎንበስ ብለው ከስሩም አዩ።

«ልጁስ?»

«ልጅ የለም አያ» አልኋቸው።

ቆባቸውን አወለቁ። ምን እንደመሰላቸው ገብቶኝ ላስረዳ አፌን ስከፍት፣ አያ ፈንታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ወንድ ነበር?»

«ምንም አልነበረም፤ ልጅ ራሱ አልነበረም።»

«ሳያሳዩዋት ወስደውት ነው» አለች ቅቤ የያዘችው፤ ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። ጓደኛዋ ዱቄቱን አስቀምጣ ተከተለቻት። አያ ፈንታ ትንሽዬዋን ጋቢ አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና፣ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። አጠገቤ አንገቷ ላይ እንቅርት ተቀዶላት በፋሻ የተጠቀለለች ሴት አለች። እሷ የኔን ጉዳይ ከሥር ከመሠረቱ ታውቃለች፤ ሦስት ቀን ሙሉ ያወራነው እሱን ነው። እሷም አለቀሰች። በኋላ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ «ሲያለቅሱ አንጀቴን በሉት» አለችኝ።

ሳቅ ከእግር ጥፍሬ ተነሳ። ትራሱን ያዝሁ። ጥርሴን ነከስሁ። ስፌቱ አንድ በአንድ ሲጎተት ይሰማኛል። ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል፣ እንባዬ ይወርዳል፣ ከአፌ ግን ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ብቻ ነው የሚወጣው። አያ ፈንታ ይህን አይተው ወደኔ ጠጋ አሉ።

«አልቅሽ ልጄ፤ አታፍኝው፤ ይውጣልሽ» አሉ፣ ጀርባዬን እየዳሰሱ።

በዚህ መሐል እማማ ይታይሽ በር ላይ ብቅ አሉ። ልቅሶውን አዩ፣ ጆንያውን አዩ፣ ጋቢዋን አዩ፣ ከዚያ ዞረው ወጡ። በኦፕራሲዮን ልትወልድ ገባች ብሎ ለአይከል ማን እንደነገረ ያን ጊዜ ገባኝ።

ያዳኑኝ ሐኪሙ ናቸው። ልቅሶ ሰምተው፣ ሰው የሞተ መስሏቸው በጥድፊያ ገቡ። ነገሩን ሲረዱ አያ ፈንታን ከወንበራቸው አስነሷቸው።

«አባቴ፣ እስኪ ኮትዎን ይቆልፉልኝ።»

አያ ፈንታ ግራ ተጋብተው ቆለፉ።

«አሁን ይፍቱት። እነዚህ ሁለቱ ጎኖች የሆዷ ጡንቻዎች ናቸው። መንታ ስታረግዝ ቁልፉ ተፈታ። ከወለደች በኋላ አልቆለፍ አለ። እኛ መልሰን ሰፋነው። የሞተ የለም፤ የተወለደም የለም።»

አያ ፈንታ ኮታቸውን ቆለፉት፣ ፈቱት፣ እንደገና ቆለፉት።

«ይህ ሁሉ እንባ ለቁልፍ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

ከዚያ ለሐኪሙ ሸጋ ሠርታችኋል ብለው ጋቢዋን አልጋዬ ላይ አኑረውልኝ ሄዱ። ገንፎው ግን አልቀረም። ዱቄቱ ከመጣ በኋላ ማንም መልሶ አይወስደውም። ቤት ስገባ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደ አራስ ገንፎ በላሁ። ሶልያና ጋቢዋን አንገቷ ላይ አስራ ግቢውን ስትሮጥበት ከረመች።

ምንም ከባድ ነገር አታንሽ ስለተባልሁ እማማ ይታይሽ አልሄዱም። ልጆቹን ያጥባሉ፣ ያበላሉ፣ ወደኔ ሲሮጡ በአየር ላይ ይይዟቸዋል። ስለዚያ ልቅሶ ግን አንድም ቃል አልተነፈሱም። እኔም ተቀይሜ ስለነበር አልጠየቅሁም። በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሁለት ሰው እንዲህ ተዘጋግቶ መኖር ቀላል እንዳይመስላችሁ። የጨው ዕቃውን እንኳ የምንቀባበለው በሶልያና በኩል ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ባሌ ልጆቹን ይዞ ወጥቶ፣ እኔ የሆድ ማሰሪያ ቀበቶዬን ለመታጠቅ ስታገል እማማ ይታይሽ ገቡ። ከኋላዬ ቆመው አጠበቁልኝ። ከዚያ ከፊቴ መጥተው፣ ሆዴን በእጃቸው ጀርባ ነካ አደረጉት።

«አሁን አይከፈትም?»

«አይከፈትም እማማ።»

«ሲነሱ ብቅ የሚል፣ ሲተኙ የሚጎደጉድ ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«ወገብም ያማል ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

ሄደው በሩን ዘጉ። ነጠላቸውን አስቀመጡና መቀነታቸውን መፍታት ጀመሩ። መቀነቱ አያልቅም። ፈቱት፣ ፈቱት፤ ወለሉ ላይ ተከመረ። ከዚያ አልጋዬ ላይ በጀርባቸው ተጋደሙ።

«እስኪ አዋላጂቱ እንዳደረገችሽ አድርጊኝ» አሉ፣ ጣሪያውን እያዩ።

እጄን ከእምብርታቸው በላይ አስቀመጥሁ። «አንገትዎን ብቻ ቀና ያድርጉ» አልኋቸው። ቀና አደረጉ። ጣቶቼ ገቡ፤ አራቱም፤ አምስተኛውም ቦታ አያጣም ነበር።

«ስንት ነው?»

«አራት።»

«ያንችስ ስንት ነበር?»

«አራት።»

«እኩል ነን በያ» አሉ።

እዚያው እንደተጋደሙ ነገሩኝ። ሰባት ወልደዋል። አምስተኛውን ከወለዱ በኋላ እንስራ ማዘል አቃታቸው። ከወንዝ ሲመለሱ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ያርፋሉ፤ ሌሎቹ ሴቶች ቀድመዋቸው ይገባሉ። አንድ ቀን እንስራው ወድቆ ተሰበረ። ባላቸው፣ ሟቹ አማቼ፣ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አልመቷቸውም። ሳቁ ብቻ። «ሰነፍሽ» አሏቸው። አያ ፈንታ ደግሞ በየድግሱ፣ በየለቅሶው «ሰነፏ መጣች» እያሉ እስከ ዛሬ ይቀልዱባቸዋል።

«እኔም ሰነፍ የሆንሁ መስሎኝ ነበር» አሉ እማማ ይታይሽ። «ከሠላሳ ዓመት በላይ ነው። ሌሊት እየተነሳሁ የምሠራው ለዚያ ነበር፤ ሰነፍ እንዳልባል።»

በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚያስቅ ነገር ያላጣሁበት ሆድ ነው፤ ያን ቀን ግን ምንም አላገኘሁበትም።

«ታዲያ ለምን ልትወልድ ነው አሏቸው?» አልኋቸው።

«ሆዷ ላልቶባት ነው ብየ ለፈንታ ብነግር ይስቅብሻል። በኔ የሳቀው አይበቃም? በወሊድ ግን ማንም አይስቅም።»

መቀነታቸውን መልሼ ያሰርሁላቸው እኔ ነኝ። በቀጠሮዬ ቀን ሁለታችንም ሄድን።

ሐኪሙ የኔን ስፌት አይተው ደስ አላቸው። ልጆቹን ቀስ በቀስ ማንሳት ትችያለሽ አሉኝ። ከዚያ እማማ ይታይሽ አልጋው ላይ ወጡ። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ወስደው አዩዋቸው። አንጀት የሚሾልክበት ቀዳዳ የለም አሉ፤ በዕድሜያቸውም ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ልምምዱና ጥሩ ማሰሪያ እንደሚሻል አስረዱ።

«ልምምዱን እሠራለሁ» አሉ እማማ ይታይሽ፣ ቀና ብለው እየተቀመጡ። «እኔ የመጣሁት ግን ሌላ ልጠይቅህ ነው ልጄ። ይህ ነገር ስንፍና ነው?»

ሐኪሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «አይደለም እናቴ። በዚህ ሆድ ውኃ ሲቀዱ መኖርዎ ራሱ ይገርመኛል።»

«እንግዲያስ ጻፍልኝ።»

«ምን ልጻፍልዎ?»

«ያልኸውን። ማኅተም ይኑረው።»

ጻፉላቸው፤ ማኅተምም መቱበት። እማማ ይታይሽ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ አጥፈው፣ ጡታቸው ስር አኖሩት። ባጃጅ ውስጥ ገና ሳንቀመጥ አውጥተው ሰጡኝ።

«አንብቢልኝ።»

ከፈትሁት። ሦስት መስመር የሐኪም እንግሊዝኛ ነው፤ ዕድሜ፣ የወሊድ ብዛት፣ የክፍተቱ ስፋት በሴንቲ ሜትር። እማማ ይታይሽ ከንፈሬን እያዩ ይጠብቃሉ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ወይዘሮ ይታይሽ ሰባት ልጆች በመውለዳቸው የሆዳቸው ጡንቻ ተለያይቷል» አልሁ። «ይህን ሕመም ተሸክመው ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል። ሰነፍ አይደሉም፤ ሰነፍ ሆነውም አያውቁም።»

መጨረሻ ላይ ያልኋቸው ወረቀቱ ላይ የሉም። ሐኪሙ በአፋቸው ካሉት ግን ብዙ አይርቁም።

እማማ ይታይሽ መንገዱን አዩ። የማራኪ ዳገት ስንጀምር ወደኔ ዞሩ።

«ፈንታ እንግሊዝኛ ያነባል?»

«አያነቡም እማማ።»

«እንግዲያ እሑድ አይከል አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አሉ። «አሁን እንደገና አንብቢው። ጮክ በይ፤ ሹፌሩም ይስማ።»

ሹፌሩ ሙዚቃውን ዘጋ። እኔም ከመጀመሪያው ጀመርሁ።